«ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» ለሚል ሻጭ ምን ይመለሳል?

የለገሃሩ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የአንድ ድርጅት የግዥ ሠራተኛ ነኝ። ቢሯችን ለገሃር አካባቢ ነው። ድርጅቱ ብዙ የጭነት መኪና አለው። ጋራዡ «ፍሬን ሸራ አለቀ፣ ኩሽኔታ ተበላ፣ ፍሪሲዮን ይቀየር» ብሎ ይጠይቃል። እኔ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ወርጄ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ አሰባስባለሁ። ኮሚቴው ያነሰውን ይመርጣል፣ እኔ እገዛለሁ። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ነው።

በፊት ሒሳብ ክፍል ነበርኩ። ወደ ግዥ የተዛወርኩት በቅርቡ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ነገረኝ። «በል ፕሮፎርማ ጻፍልኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን አነሳና ቀና ብሎ «ስንት ብዬ ልጻፍልህ?» አለኝ። አልገባኝም። «አሁን የነገርከኝን ነዋ!» አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ መሳቢያውን ሳብ አደረገ። ሦስት ማኅተም አለ። አንዱ የራሱ፣ አንዱ የወንድሙ፣ ሦስተኛው የጎረቤት ሱቅ ነው፤ ጎረቤትየው አደራ ብሎት የሄደው። «አንተ ቁጭ ብለህ ሻይህን ጠጣ፣ ሦስቱንም እዚሁ እጨርስልሃለሁ» አለኝ። የቀለሙ ፓድ ደርቋል። ማኅተሙን አፉ ድረስ አስጠግቶ እፍፍ እያለ ነው የሚመታው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። የ100,000 ብር ዕቃ 120,000 ተብሎ ይጻፋል። 15 በመቶው ቫት የሚታሰበው በተጻፈው ላይ ነው፣ እሱን ድርጅቱ ይከፍላል። ሻጩ ደግሞ «ደረሰኝ ስለቆረጥኩ ግብር ይመጣብኛል» ብሎ ከሃያው ሺህ የተወሰነ ያስቀራል። የተረፈው ለግዥው ሰው ነው። ደረሰኙ የማሽን ነው። ሦስት ፕሮፎርማ አለ። ፊርማው ሙሉ ነው። ኦዲተር ቢመጣ አንድ ነገር አያገኝም። ሌብነት እኮ አይመስልም! ማንም መጋዘን ሰብሮ አልገባ።

እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 14,000 ብር አይሞላም። ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲነሳ ቤተሰቦቼ ወደ ዳር ወጡ፣ እኔ ለሥራ ብዬ ልደታ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ኪራዩ የደመወዜን ከግማሽ በላይ ይወስዳል። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። ይሄን የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። ፈተናው በየትኛው በር እንደሚገባ እንዲታያችሁ ነው። አንድ ደህና ግዥ ማለት የወር ደመወዜ ነው።

እስካሁን አልነካሁም። ግን እምቢ ማለትም ጣጣ አለው። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ ከጋራዥ ኃላፊውና ከሌላ ሰው ጋር ይካፈል ነበር። እኔ ስመጣ ምንጩ ደረቀ። ሻይ ቤት ስገባ «ጻድቁ መጣ» ይሉኛል። ስድብ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። የሚያስቸግረው ደጎች መሆናቸው ነው። የጋራዥ ኃላፊው ባለቤቴን ሌሊት ሲያማት በገዛ መኪናው ጋንዲ ያደረሰልኝ ሰው ነው። «ልጅ እየመጣብህ ነው፣ ለራስህ ባታስብ ለሱ አስብ» ይለኛል። ከልቡ ነው የሚለኝ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምትለዋን ተረት እንደ ወንጌል ነው የሚጠቅሳት።

ባለፈው እሑድ ገብር ኄር ነበር። እስጢፋኖስ ነው ያስቀደስኩት። ሰባኪው የመክሊቱን ምሳሌ ሲያስተምር «በጥቂቱ ታምነሃል» የሚለው ላይ ሲደርስ እኔ የታየኝ መሳቢያው ነው። ስወጣ ለሕንፃ ማሠሪያ ይለመናል። ያኔ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ፦ ብወስደውና ዐሥራት በኩራቱን ባወጣስ? ወይ ግማሹን ለቤተ ክርስቲያን ብሰጥስ? ሐሳቡን ማን እንደላከው እጠረጥራለሁ፣ ግን መልስ አጣሁለት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ታምኖ መቀመጥ ይቻላል ወይስ ለቅቆ መውጣት ይሻላል? ዐሥራቱስ ነገር? ደግሞ አንዲት የምታሳፍር ጥያቄ አለችኝ፦ ሻጩ ምሳ ሲጋብዘኝስ? የጾም በያይነቱ ነው። እሱም ጉቦ ይባላል?


አቦ ተዉን

ወንድሜ ዝም ብለህ ነው የምትጨነቀው። ይሄ የደመወዝ ማስተካከያ ነው። ድርጅቱ 14,000 እየከፈለ የሚሊዮን ብር ግዥ እጅህ ላይ የሚጥለው ምን አስቦ ይመስልሃል? ባለቤቱ ራሱ ሀብቱን እንዴት እንዳገኘው ጠይቀኸው ታውቃለህ? አንተ ባትወስደው ሻጩ ይወስደዋል፣ ለድርጅቱ እንደሆነ አይተርፍም። እግዚአብሔር የሚያየው ልብ ነው። ልጅህን በባዶ ሆድ አሳድገህ ጽድቅ አይገኝም።


የሁለት ልጆች እናት

ባለቤትህ ይሄን ታውቃለች? በመጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።

የኔም ባል ግዥ ክፍል ይሠራ ነበር፣ መሥሪያ ቤቱን ልተወው። ቤት ውስጥ ዕቃ መቀየር ጀመረ። መጀመሪያ ፍሪጅ፣ ቀጥሎ ሶፋ። «ከየት ነው?» ስለው «አበል ነው» ይለኛል። እሺ አበል ነው። ግን ስልክ ሲጠራ በረንዳ ወጥቶ ማውራት አመጣ። በር ሲንኳኳ እስኪከፈት መስኮት ላይ ነው። ከሁሉም ከሁሉም ቁርባን ተወ። በተክሊል ነው የተጋባነው፣ አብረን ነበር የምንቆርበው። «ዛሬ አልተዘጋጀሁም» ይለኛል፣ በሚቀጥለውም «አልተዘጋጀሁም»። እኔ ልጆቼን ይዤ እቀርባለሁ፣ እሱ ኋላ ቆሞ ያየናል።

ሰው «ትታሰራለህ» እያለ ያስፈራራሃል። የኔ ባል አልታሰረም። ማንም አልነቃበትም። በሰላም ነው ሥራ የቀየረው። ስለዚህ እስር ቤት ካልገባሁ ምንም አይደርስብኝም ብለህ እንዳትሸወድ።

ምክሬ አጭር ነው። ዛሬ ማታ ከባለቤትህ ጋር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ተቀመጡ። ኪራይ ይሄን ያህል፣ አስቤዛ ይሄን ያህል፣ ለወሊድ ይሄን ያህል እያላችሁ ጻፉ። የጎደለውን በቁጥር እወቁት። ያልተቆጠረ ጉድለት ነው ሰውን የሚያባብለው። ከዚያ እምቢ የምትለውም ለብቻህ አይሆንም።


ጡረተኛው

ልጄ፣ እኔ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ስቆርጥ ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። የግዥ ሠራተኛ የገዛውን ዕቃ የምረከበው እኔ ነበርኩ። ነገሩን ከደጅ አይደለም የማውቀው።

ከምሳው ልጀምር። በዐቢይ ጾም በስድስት ሰዓት በያይነቱ የምትበላ ከሆነ እኔም ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ ግን እሱን ለንስሐ አባትህ ትቼዋለሁ። ቀልዱን ትተን፣ መለኪያው ቀላል ነው። ምሳውን የበላህበትን ሱቅ ዕቃ መጥፎ ቢሆን ሳትሽኮረመም «ውሰድ፣ አልፈልግም» ልትለው ትችላለህ? ከቻልክ ብላ። ካላስቻለህ ሽሮህን ከቤትህ ቋጥረህ ሂድ።

ዐሥራቱን በተመለከተ መልሱ ድሮ ተሰጥቷል። ዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ የዝሙት ዋጋ ለስእለት ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ ተከልክሏል። ገንዘቡ ገንዘብ ነው፣ ብሩም ብር ነው፣ ግን የመጣበት መንገድ አብሮት ይገባል። እግዚአብሔር ከድርጅትህ ዕቃ ግዥ ላይ ኮሚሽን አይቀበልም።

«አቦ ተዉን» ላልከው ወንድማችን ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ዘፍጥረት 39ን ተረጋግተህ አንብበው። ዮሴፍ ለጲጥፋራ ሚስት ሲመልስላት የጀመረው ከጌታው ነው። ጌታዬ ያለውን ሁሉ በእጄ አስረክቦኛል፣ ምን እንዳለው እንኳ አይጠይቀኝም ካለ በኋላ ነው እንዴት በእግዚአብሔር ፊት ኃጢአት እሠራለሁ ያለው። ልብ በል፣ ጲጥፋራ ጻድቅ ሰው አልነበረም። ለዮሴፍም 14,000 ብር አልከፈለውም። በገንዘብ የገዛው ባሪያው ነው! አለቃው መጥፎ ነው ብሎ መብላት የሚቻል ቢሆን ኖሮ ከዮሴፍ በላይ ምክንያት የነበረው ሰው አልነበረም። «የግል ድርጅት ስለሆነ ሙስና አይባልም» የምትሉም አላችሁ። አዋጅ ቁጥር 881/2007ን አገላብጡት፤ ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ የሚንቀሳቀስ የግል ድርጅትንም ይጨምራል።

ልቀቅ ወይስ ቆይ ላልከው፣ ሉቃስ 3ን እይ። ቀራጮች መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ አሉት። ቀራጭነታችሁን ተዉ አላላቸውም። ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ለወታደሮቹም «ደመወዛችሁ ይብቃችሁ» አላቸው። ይቺን ቃል የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ ስሰማት ሁልጊዜ ትቆጠቁጠኝ ነበር፣ ምክንያቱም ደመወዜ አይበቃኝም ነበር። መጥምቁም ይበቃችኋል አላለም፤ ይብቃችሁ ነው ያለው። ስለዚህ ወንበሩ ኃጢአት አይደለም፣ ተቀመጥበት። ዮሴፍ ግን ልብሱን ጥሎ የሮጠበት ሰዓትም አለ። አለቃህ ሐሰተኛ ወረቀት ላይ ፈርም ያለህ ቀን ያ ሰዓት ነው። ያኔ ሌላ ሥራ አላገኘሁም ብለህ እንዳትቆም።

ሊቃውንቱ ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ የተፈተነባቸውን ሦስቱን ስስት፣ ትዕቢትና ፍቅረ ንዋይ ይሏቸዋል። ስስቱ የመጣው ከአርባ ቀን ጾም በኋላ፣ ሲራብ ነው። ያንተም ኪራይ በሚከፈልበት ሰሞን ቢመጣ አይግረምህ። «ጻድቁ» ሲሉህ ግን ሁለተኛዋን ተጠንቀቃት። ስሙ እየጣመህ እንዳይሄድ።


ከሱማሌ ተራ

የመሳቢያውን ነገር ሳነብ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እኔ ነጋዴ ነኝ፣ መለዋወጫ ነው የምሸጠው። እስቲ ከባንኮኒው በዚህ በኩል ያለውን ልንገራችሁ።

ሁላችንም ወደነው አይደለም። ደረሰኝ ሲጋነን ሽያጫችን አብሮ ይጋነናል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግብር ላይ እኛው ነን የምንለፋው። ግን የግዥውን ሰው «ስንት ልጻፍልህ» ካላልከው ወደ ሚቀጥለው ሱቅ ይሻገራል። ስለዚህ ልማድ ሆነ። አዲስ ሰው ሲገባ ሳናስበው ነው ከአፋችን የሚወጣው።

አንተ ያላነሳኸው አንድ ነገር አለ፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የግዥው ሰው ከበላ በኋላ ሻጩ ዕቃውን ቢቀይርበት ምን ይላል? አፉ ተይዟል። ኦርጅናል ካርቶን ውስጥ ፎርጂድ ፍሬን ሸራ ከትቶ የሚሰጥ አለ። ካርቶኑም ስቲከሩም ቁጭ ኦርጅናሉን ነው። ጋራዡ አይቶ ያውቃል፣ እሱም ተካፍሏልና ዝም። ከዚያ ያ መኪና ሲሚንቶ ጭኖ ዓባይ በረሃ ይወርዳል። ሾፌሩ በማያውቀው ነገር። ረዳቱም አለ አጠገቡ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ፍሬ ልጅ ነው። ስለዚህ «የድርጅት ብር ነው፣ ማንንም አልጎዳ» የምትሉ፣ ፍሬን ሸራውን የሚፈትነው ኦዲተር አይደለም።

አሁን ወደ መላው። ሱቅ ስትገባ ዋጋ ሳትጠይቅ በፊት ጮክ ብለህ «ለኔ የምታስበውን ከዋጋው ላይ ቀንሰህ ጻፍልኝ» በል። በሳቅ በለው፣ አትቆጣ። ሻጩ ቅር አይለውም፤ አንተ ጥሩ ዋጋ ይዘህ ትሄዳለህ፣ እሱ ሽያጩን ያገኛል። ከአንድ ሱቅ ከአንድ በላይ ፕሮፎርማ አትውሰድ። ሦስቱን ጎን ለጎን ካሉ ሱቆች አታምጣ፤ አንዱን ከዚህ ማዶ፣ አንዱን ተክለ ሃይማኖት በኩል ፈልግ። ካሽ ይዘህ አትምጣ፣ ክፍያው ከድርጅቱ ሒሳብ ወደ ሱቁ ሒሳብ ቀጥታ ይግባ። ካሽ እጅህ ላይ ከሌለ የሚቆረስ ነገርም የለም።

አንዳንዱ ሱቅ «ዕቃው አልቋል» ይልሃል፣ መደርደሪያው ላይ ቁጭ ብሎ እያየኸው። አትከራከር፣ እለፈው። እንዳንተ እምቢ የሚሉ ገዢዎች እኛም ጋ አንድ ሁለት አሉን። ሲመጡ ሠራተኛዬን «የመጨረሻውን ዋጋ ንገራቸው፣ ጊዜያቸውን አታባክን» እለዋለሁ።


የለገሃሩ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፍሬን ሸራውን ነገር ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ከሾፌሮቻችን አንዱ የሰፈሬ ልጅ ነው፣ ዶሮ ማነቂያ አብረን ኳስ የተራገጥን። በጎጃም መስመር ነው የሚሠራው።

አባቴ፣ የምሳውን መለኪያ ሞከርኩት። አላስቻለኝም። ሽሮ ልቋጥር ነው። ሌላውን ለንስሐ አባቴ እነግራለሁ።

እህቴ፣ ለባለቤቴ ነገርኳት። ወረቀቱንም አወጣን። የጎደለው ከፈራሁት ያንሳል፣ ግን ይጎድላል። እሷ «ጎመን በጤና» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ እንደሷ ቶሎ አልቀለለኝም። አሁን የጨነቀኝ የጋራዥ ኃላፊው ነው። ውለታው አለብኝ። ፊቱን እንዴት ልየው?


የካዛንቺሷ

እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ ካልከፋችሁ ልግባ። ካዛንቺስ ያለው ሰፈሬ ፈርሷል፣ ስሙን ግን አልለቅም።

ሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 5 ላይ ያለውን ግያዝን አሰብኩ። ንዕማን ከለምጹ ሲነጻ ለኤልሳዕ ስጦታ አቀረበ፣ ኤልሳዕ ምሎ እምቢ አለ። ግያዝ ግን ሰረገላውን ሮጦ ደረሰበትና ሁለት እንግዶች መጥተውብናል ብሎ ዋሸው። የጠየቀው አንድ መክሊት ብር ነው፣ ንዕማን ለምኖ ሁለት አሸከመው። እዩት፣ ሰጪው በደስታ ነው የሰጠው! ማንም አልተዘረፈም። ባለጠጋ ሰው ነው፣ ከሀብቱ ምንም አልጎደለም። ያንተ ሻጭም እንደዚያ በፈገግታ ነው የሚሰጥህ። ግያዝ ያበላሸው የጌታውን ስም ነው፤ ንዕማን በነጻ የተቀበለውን ነገር ዋጋ አወጣለት። አንተም ሱማሌ ተራ ስትወርድ ገንዘቡ የድርጅት ቢሆንም ማተብህ አንገትህ ላይ ነው፣ ሻጩ ያየዋል።

የጋራዥ ኃላፊውን አትሽሸው። ባለቤትህን ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረሰ ሰው ነው። ውለታውን በውለታ መልስ፣ በግዥ ግን አትመልስ። የታመመ ዘመድ ካለው ጠይቅ። ልጁ ሲወለድ ጥራው። ለብቻው አግኝተህ «ወንድሜ፣ ውለታህን አልረሳም፣ ይሄን ግን አልችልም» በለው። ሌላ ሰው ባለበት እንዳትለው፣ ታዋርደዋለህ። አለቃህ ጋ ሄደህ ስሙን ከማንሳትህ በፊትም ይሄን አድርግ። ከዚያ ቢቀየምህም ቢያንስ ከአንተ ከራስህ ሰምቶ ነው።


የለገሃሩ (ጠያቂ)

ለብቻው አገኘዋለሁ። ለአለቃዬ ደግሞ ማንንም ሳልጠቅስ ፕሮፎርማ በታሸገ ፖስታ ይምጣና ኮሚቴው ይክፈተው የሚል ሐሳብ በጽሑፍ አቀርባለሁ። ከተቀበለኝ ሸክሙ ከኔ ላይ ይወርዳል። ካልተቀበለኝም ጽሑፉ ፋይል ላይ ይቀመጣል።

ከሱማሌ ተራ፣ ሱቅህ የት ጋ እንደሆነ በውስጥ ላክልኝ። ግን ሁለት ፕሮፎርማ ከሌላ ቦታ አመጣለሁ፣ እንዳትቀየም።


ከሱማሌ ተራ

ልኬልሃለሁ። ሻይ የለም፣ ውሃ አለ።


አቦ ተዉን

እሺ ይሁንላችሁ። ልጁ ሲወለድ ተመልሰህ ትነግረናለህ። ዳይፐር ስንት እንደገባ ግን ታውቃለህ?


የሁለት ልጆች እናት

ጨርቅ አለ። ሁለቱንም በጨርቅ ነው ያሳደግኳቸው። አሮጌ ነጠላ ካላቸው እንዳይጥሉ ንገራቸው፣ ለስላሳ ስለሆነ ከአዲሱ ይሻላል።